ጽሑፉን ይዞ የተመለሰው መምህር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ጀማሪ የታሪክ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ምሁራን ሳነብ ዱ ቦይስ ላይ ደርሼ ግራ ገባኝ። ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማስተማሩን ትቶ የመጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ዕውቀቱን አላባከነውም? በቅርቡ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ ሳወጣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ “ምሁር ከሆንክ አርፈህ ምርምርህን ሥራ” አለኝ። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። በር ታንኳኳለህ፣ ውሻ ይጮህብሃል። “ይሄን ሁሉ የምትጠይቀን ምን ልታደርግልን ነው?” ይሉሃል። መልስ የለህም። ዱ ቦይስን የወደድኩት በዚያ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1896 የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊላደልፊያን ጥቁሮች እንዲያጠና ቀጠረው። የሚያስተምርበት ክፍል ግን አልሰጡትም። አዲስ ካገባት ሚስቱ ጋር እዚያው በሚያጠናው ሰፈር፣ ከምግብ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ገባ። ከዚያም ወደ 2,500 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ራሱ እየዞረ ጠየቀ። ጥናቱ በ1899 ታተመ። በዚያን ጊዜ የሚያምነው፣ ሰዎች ጥቁሩን የሚበድሉት ስለማያውቁት ነው ብሎ ነበር። እውነቱን በቁጥር ካሳየናቸው ይመለሳሉ ብሎ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ፣ ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ አሠሪውን ገደለ ተብሎ ተያዘ። ዱ ቦይስ ነገሩን በእርጋታ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ወደ ጋዜጣ ቢሮ በእግሩ ተነሳ። ሚቸል በሚባለው መንገድ ላይ ሳለ ወሬው ደረሰው። ሰውዬውን መንጋ ያለ ፍርድ በእሳት ገድሎታል። የጣቶቹ አጥንትም ከዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ግሮሰሪ ለእይታ ቀርቧል። ዱ ቦይስ ጽሑፉን እንደያዘ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። ሰው እየታረደና እየተራበ ረጋ ያለ፣ ከነገሩ የራቀ ሳይንቲስት ሆኖ መቀመጥ እንደማይቻል የገባኝ ያኔ ነው ብሎ በኋላ ጽፏል። በማግስቱ ወር ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጁ በዲፍቴሪያ ሞተበት።

ልብ በል፣ በዚያ ቀን ማስተማሩን አልተወም። የተወው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ በዘመኑ ገናና ከነበረው የጥቁሮች መሪ ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጋር በመጋጨቱ ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች እጃቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ውሳኔው ውስጥ ይሄም አለበት።

ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚበላኝ ግን የአንዲት ፊደል ነገር ነው። ዱ ቦይስ በ1909 በአሜሪካ የታሪክ ምሁራን ጉባኤ ላይ ጥናት አቀረበ። ጥናቱ በማኅበሩ መጽሔት ሊታተም ሲል “ኒግሮ” የሚለው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀመርልኝ ብሎ ለመነ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቀላል ነገር ሊመስለን ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን የሕዝብ ስም ሁሉ በትልቅ ፊደል ነው የሚጀመረው። የእሱ ሕዝብ ስም ብቻ በትንሽ ይጻፍ ነበር። አዘጋጁ እምቢ አለው። ጽሑፉ በ1910 በትንሹ ፊደል ወጣ። በዚያው ዓመት ዱ ቦይስ ኒው ዮርክ ሄዶ “ዘ ክራይሲስ” የተባለውን መጽሔት ጀመረ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው 100,000 ደረሰ። እዚያ ላይ ቃሉን እንደፈለገ ጻፈው። ኒው ዮርክ ታይምስ እንኳ የተከተለው በ1930 ነው።

ታዲያ ይሄ ማባከን ነው? እኔ በፍጹም አልልም። መጽሔቱ በመንጋ የተገደሉትን እየቆጠረ ያወጣ ነበር። ፊላደልፊያ ላይ በር እያንኳኳ የቆጠረው እጅ ነው እዚህም የቆጠረው። ምርምሩንም አልጣለም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስላለው ዘመን የጻፈው ትልቁ የታሪክ መጽሐፉ የታተመው በ1935፣ በ67 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ስለ ኢትዮጵያና ጣሊያን ጉዳይ “ፎሪን አፌርስ” በተባለው የውጭ ጉዳይ መጽሔት ላይ ጽፏል።

አደባባይ የወጣ ሰው ግን የሚሳሳተውም በአደባባይ ነው። በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ቅሬታችንን ለጊዜው ትተን ከነጮቹ ጎን እንሰለፍ ብሎ ጻፈ። ወዳጆቹ ሳይቀሩ አዘኑበት። እኔም ያንን ርዕሰ አንቀጽ ባነበብኩት ቁጥር ይከፋኛል።

ባልደረባህ ምርምርህን ሥራ ማለቱ ልክ ነው፣ ሥራ። “አርፈህ” የምትለዋን ግን አልቀበልለትም። ጋዜጣው ላይም ጻፍ፤ ስትጽፍ ግን ራስህ ሄደህ ያየኸውን፣ የቆጠርከውን ጻፍ። ከዱ ቦይስ ሥራ የቱን ላስቀድም ካልክ የፊላደልፊያውን ጥናት ያዝ። ቤት ለቤት የዞረበት መጠይቅ ከመጽሐፉ መጨረሻ አባሪ ሆኖ ታትሟል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው።