«ነበር» ሁሉ ኢምፔርፌክቶ ነውን?

ጥያቄ፦ ስፓኒሽ መማር ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ኢምፔርፌክቶ የሚባለውን የኃላፊ ጊዜ ግስ የማጠናው ከአማርኛው «ነበር» ጋር እያዛመድሁ ነው። «ማድሪድ ሦስት ዓመት እኖር ነበር» ለማለት «ቢቢያ ትሬስ አኞስ ኤን ማድሪድ» ብዬ ብጽፍ ግን መምህሬ ሰረዘችብኝ። ስሕተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዘዴዎ ከሞላ ጎደል ደግ ነው። «ይናገር ነበር» አብላባ፣ «ተናገረ» አብሎ ይሆናል፤ ብዙ ተማሪዎችን የሚያደናግረው የሳቢያና የሱፔ ልዩነትም ለአማርኛ ተናጋሪ «አውቅ ነበር» እና «አወቅሁ» ከማለት አያልፍም። ያሳሳትዎ «ሦስት ዓመት» የሚለው ነው። ኢምፔርፌክቶ ድርጊቱን መነሻና መድረሻውን ሳያሳይ ከመካከሉ ስለሚያቀርበው፣ ዘመኑን ቆጥረው ከዘጉት በኋላ ቦታውን ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት ለሚነገርበት ኃላፊ ጊዜ፣ ለኢንዴፊኒዶ፣ ይለቅና «ቢቢ ትሬስ አኞስ» ይባላል። ቁጥሩን ትተው «ያን ጊዜ ማድሪድ እኖር ነበር» ቢሉ ኖሮ ቢቢያ ትክክል ነበር።

አረባቡ አያስቸግርም፦ በአር የሚጨርሱት ግሶች አባ፣ በኤርና በኢር የሚጨርሱት ኢያ ይይዛሉ፤ ከሕግ የሚወጡት ኤራ («ነበር»)፣ ኢባ («ይሄድ ነበር») እና ቤያ («ያይ ነበር») ብቻ ናቸው።

ይልቅ «ነበር» ባዩ ቁጥር ከፊቱ ያለውን ግስ ይመርምሩ። «ይሄድ ነበር» ኢባ ሲሆን «ሄዶ ነበር» አቢያ ኢዶ ነው፤ «ቢጠሩት ኖሮ ይሄድ ነበር» ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ቅርጽ፣ አብሪያ ኢዶ፣ ይጠይቃል። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ስገባ ተቀምጦ ነበር» የሚለው በመልኩ «ሄዶ ነበር»ን ቢመስልም፣ የሚነግረን ሰውየው በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ስለሆነ ኤስታባ ሴንታዶ ይባላል፤ ተኝቶ፣ ቆሞ፣ ለብሶ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

አማርኛችን ጨርሶ የማይረዳዎት ኤራንና ኢንዴፊኒዶውን ፉዌን ሲለዩ ነው፤ ሁለቱም «ነበር» ናቸውና። «ስብሰባው ሰኞ ነበር» ሲሉ ስብሰባው ሰኞ ተደርጎ ከሆነ «ላ ሬውኒዮን ፉዌ ኤል ሉኔስ» ይበሉ። ለሰኞ ተቀጥሮ እንደነበር ብቻ ለመናገር ከፈለጉ ግን፣ መደረግ አለመደረጉን ሳይነኩ፣ በፉዌ ፈንታ ኤራ ያስገባሉ።