የጫማዬ ሶል ወፍራም ነው ተብሎ ውጤቴ ተሰረዘ፤ ከስፖንሰሬና ከማናጀሬ ምን መጠየቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «የ23 ዓመት የጎዳና ላይ ሯጭ ነኝ። በቅርቡ አውሮፓ ውስጥ ግማሽ ማራቶን ሮጬ 2ኛ ወጣሁ። ላቤ ሳይደርቅ ዳኞቹ ጫማዬን አስወልቀው ለኩት፤ ‹ሶሉ ከተፈቀደው በላይ ነው› ብለው ውጤቴን ሰረዙት። ጫማውን ውድድሩ 3 ቀን ሲቀረው ሆቴል ድረስ አምጥቶ የሰጠኝ ማናጀሬ ነው። ‹ስፖንሰርህ የላከው አዲስ ሞዴል ነው› ነበር ያለኝ። አሁን ስፖንሰሩ ቦነስ የለም፣ ውሉንም አቋርጣለሁ ይላል። ማናጀሬ ደግሞ የቲኬቱንና የሆቴሉን ክፈል እያለኝ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቅጂው እኔ ጋ የለም። መክሰስ እችላለሁ? ለብሔራዊ ቡድን ብመረጥስ የሌላ ኩባንያ ማሊያ መልበሴ ከስፖንሰሬ ጋር አያጣላኝም?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ክርክሮች ተደባልቀዋል። አንዱ የውጤቱ ነው፣ ሌላው የገንዘቡ። የውጤቱን በአብዛኛው ተሸንፈሃል። የገንዘቡ ግን ገና አልተጀመረም፤ ስፖንሰሩም ማናጀሩም «ውጤትህ ስለተሰረዘ ሁሉም አልቋል» ሲሉህ አትቀበል።

ከውጤቱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 ኢትዮጵያዊው ሯጭ ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር። በኋላ የጫማው ሶል ሲታይ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ድሉ ከ3 ሰከንድ በኋላ ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። ደራራ ከውድድሩ በፊት ያስመዘገበው ጫማ ደንቡን ያሟላ ነበር፤ በውድድሩ ቀን ያደረገው ግን ሌላውን ነው። አንተም ምን ጫማ እንዳስመዘገብክ፣ ፎርሙን ማን እንደሞላልህ አጣራ። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ማናጀሩ ነውና።

የዓለምን አትሌቲክስ የሚመራው ዎርልድ አትሌቲክስ ይህን ልክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለጎዳና ውድድር ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ፕሌት (ሶሉ ውስጥ የሚቀበር ዝርግ ቁራጭ) አይፈቀድም፤ ጫማው ከጸደቁት ዝርዝር ውስጥ መኖርም አለበት። የትራክ ልኩ ሌላ ነው፤ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በባዶ እግር መሮጥ ግን ዛሬም ይፈቀዳል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የሮጠውን አንተ ነገ ብትደግመው ዳኛ አያስቆምህም።

ልኬቱ ራሱ ግን ሊያነጋግር ይችላል። አንድ ሯጭ ደንበኛዬ በአንድ ወቅት ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አቁሞ «44 ሚሊ ነው፤ አለቀልኝ» አለኝ። አላለቀለትም። ከጎን የሚታየው ስፖንጅ እግር ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ የወጣ ከንፈር ነው። የሚለካው ከውስጥ እግር ከሚያርፍበት እስከ ሶሉ የታችኛው ፊት ነው፤ ውስጡ የሚነጠፈውም አብሮ ይቆጠራል። ቦታውም የተወሰነ ነው፦ ተረከዝ ላይ ከጫማው የውስጥ ርዝመት 12 በመቶ፣ ፊቱ ላይ 75 በመቶ ላይ። ስለዚህ ዳኞቹ በምን መሣሪያ፣ የቱ ጋ ለክተው ስንት እንዳገኙ በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ግን «አላውቅም ነበር» አያድንህም። እግርህ ላይ ላለው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ማን ሰጠህ የሚለው ለዳኛው ጉዳይ አይደለም። ውጤትን መቃወሚያ ጊዜውም ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ ማናጀርህ የት ነበር? ይህን ጥያቄ ያዘው፣ እመለስበታለሁ። ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም ዳኞች ሜዳ ላይ የወሰኑትን፣ ተንኮል ወይም አድልዎ ካልታየበት በቀር፣ አይነካም። የይግባኝ ጊዜውም ሌላ ደንብ ካልወሰነው 21 ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር ገንዘብህን እዚያ ላይ አታፍስስ።

ወደ ስፖንሰሩ እንምጣ። የ2ኛነት ሽልማቱም በደረጃ የሚከፈለው ቦነስም ከውጤቱ ጋር ወድቀዋል። ለመሰለፍህ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ከነበረ ግን እሱ የሚታየው በራሱ ቃል ነው፤ ተሰልፈሃል፣ ሮጠሃል። ውሉን አቋርጣለሁ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኩባንያው ራሱ የላከልህ ጫማ ከሆነ፣ ያሰረዘህ የእሱው ዕቃ ነው ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ይላል። ራሱ የፈጠረውን ችግር ጥፋት አድርጎ ቆጥሮብህ ሊያሰናብትህ መሞከር ከቅን ልቦና ጋር አይሄድም። ማናጀሩ ጫማውን ከሌላ ቦታ አምጥቶት ከሆነ ግን ስፖንሰሩ የሚለው ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚዞረው ያ ጫማ ከማን እጅ መጣ በሚለው ላይ ነው። ካርቶኑ ወይም የፖስታው ወረቀት አለ? ማናጀርህ «አዲስ ሞዴል መጣልህ» ብሎ በቴሌግራም ጽፎልሃል? የጫማው ምላስ ሥር ያለችውን የሞዴል ቁጥር ዛሬውኑ ፎቶ አንሳ። ጫማውን አትሩጥበት፣ ልምምድ ላይ ለጓደኛም እንዳታውስ። ሶሉ ከተበላ በኋላ ስንት እንደነበር ማንም አያምንህም።

የውሉን ቅጂ ከማናጀርህ በጽሑፍ ጠይቅ። ማናጀር ስምህን ይዞ የሚዋዋል ወኪልህ ነው። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት (አንቀጽ 2208)፤ መሥራት ያለበትም ለወካዩ ጥቅም ብቻ ነው (አንቀጽ 2209)። አንተ የፈረምክበትን ወረቀት መደበቅ ከዚህ ጋር አይታረቅም። ከጸደቀው ዝርዝር ጋር ያላመሳከረውን ጫማ ማስታጠቅና በ30ው ደቂቃ ውስጥ አለመገኘት ደግሞ ሥራውን በአግባቡ አልሠራም ለማለት ያስችሉሃል። ለሥራህ ያወጣውን ተገቢ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል፤ በራሱ ጥፋት የመጣውን ኪሳራ ግን ባንተ ላይ ሊጭን አይገባም። ከሚቀጥለው ሽልማትህ ላይ ዝም ብሎ እንዳይቆርጥ «ይህን ዕዳ አልተቀበልኩም» የሚል አጭር ደብዳቤ አሁኑኑ ላክለት። ስልክ አትደውልለት፣ ጻፍለት።

የት ትከሳለህ የሚለው ውሉ ሳይነበብ አይመለስም። የጫማ ኩባንያዎች ውል ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሕግና የግልግል ዳኝነት የሚመርጥ አንቀጽ አለው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ፣ በግልግል ዳኝነት አዋጁ (ቁጥር 1237/2013) ምክንያት የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ወደ ግልግሉ ሊመልስህ ይችላል። ከማናጀርህ ጋር ያለህ ግን የተለየ ውል ነው፤ እዚሁ የተፈረመ ከሆነና የግልግል አንቀጽ ከሌለው እዚሁ መክሰስ ትችላለህ።

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ብዙ አትጨነቅ። በዓለም ሻምፒዮና የምትለብሰው ፌዴሬሽኑ ያጸደቀውን ማሊያ ነው፤ የሜዳሊያ ሥነ ሥርዓቱና ባንዲራ ይዘህ የምትዞረው ዙርም በደንቡ የውድድሩ አካል ተደርገው ይቆጠራሉ። እዚያ ላይ የስፖንሰርህን ጃኬት አውጥተህ እንዳትደርብ። እ.ኤ.አ. በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ማይክል ጆርዳን የስፖንሰሩ ተቀናቃኝ የሆነ ኩባንያ ምልክት ያለበትን ቱታ ለብሶ፣ ምልክቱን በአገሩ ባንዲራ ሸፍኖ ነበር ለሜዳሊያው የወጣው፤ ማይክል ጆርዳን ስለሆነ አለፈለት። የመሮጫ ጫማ ግን ከማሊያው ተለይቶ ይታያል፤ ሯጮች ለአገራቸው ሲሮጡም የየራሳቸውን ስፖንሰር ጫማ ያደርጋሉ። ውሉን ስታገኝ «ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ የቡድኑን ትጥቅ መልበሱ እንደ ጥሰት አይቆጠርም» የሚል ሐሳብ እንዳለበት ፈልግ። ከሌለ ቀጣዩን ውል ከመፈረምህ በፊት አስገባው።