«ምንም አልወስድም» ብዬ ሦስት ሳምንት ከፈልኩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ሳልመልስ መተኛት አቃተኝ። ወንድምሽ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ አሁን ኬሞ (የካንሰሩን ሴሎች የሚገድል መድኃኒት) ሊጀምር ነው። አንድ የሰፈር ሰው ደግሞ «የቻይና ባህላዊ መድኃኒት የአንጀትህን ባክቴሪያ ያስተካክልና ካንሰሩን ነቅሎ ያወጣዋል» ብሎታል። ይውሰድ ወይስ ይቅርበት ነው ያልሽው። እኔም ጓንዡ ነበርኩ። በሽታውም ያው ነው። የሰፈር ሰውም ነበረኝ። ስለዚህ የወንድምሽን ነገር የራሴ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

1. ኬሞውን እንዳይተው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

2. የባክቴሪያው ወሬ ሙሉ በሙሉ ቅጥፈት አይደለም። እኔም የነጋዴ ማታለያ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ አልጋ ላይ ስውል ጊዜ ስለተረፈኝ ማንበብ ያዝኩ። ሁዋንግ ሊያን የሚባል እንደ ኮሶ የሚመር ቢጫ ሥር አላቸው። ከሱ የሚገኘው ንጥረ ነገር ቤርበሪን ይባላል። እዚያ አገር ፋርማሲዎች ለተቅማጥ በርካሽ ይሸጡታል፤ ሺያኦቤይ የሚባለው የጓንዡ ሰፈር የመንገድ ዳር ጥብስ ሆዴን ባበላሸው ቁጥር ስንት ፍሬ እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ታዲያ የሻንጋይ ሐኪሞች የመሩት፣ በ2020 የወጣ ጥናት አለ። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ (የአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ከአንጀታቸው የተነሳላቸውን ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቤርበሪን 0.3 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ክኒን ወሰዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፖሊፕ የተመለሰባቸው ቤርበሪን ከወሰዱት 36 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 47 ከመቶ ሆኑ። ቀላል ልዩነት አይደለም። ግን እህቴ፣ ይሄ ፖሊፕ ነው። ካንሰር ይዞት በዚህ ዳነ የተባለ ሰው እዚያ ጥናት ውስጥ የለም። የሰፈሩ ሰው የሚዘላት ይህቺን ነው።

ሌላም አለ። ሁዋንግ ቺን ታንግ የሚሉት፣ ከአራት ነገር የሚፈላ፣ 1,800 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። ኢሪኖቴካን የሚባለው የአንጀት ካንሰር ኬሞ ደግሞ ሰውን በተቅማጥ ይጨርሳል። አንዱ ምክንያት ባክቴሪያ ነው። ጉበት መድኃኒቱን አስሮ ወደ አንጀት ይሸኘዋል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እስሩን ይፈቱታል፤ የተፈታው መድኃኒት የአንጀቱን ግድግዳ ይልጠዋል። አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዩንግ ቺ ቼንግና ባልደረቦቻቸው ያንን የጥንት ቅመም ሞክረው ውጤቱን በ2010 አሳተሙ፤ የተጎዳው አንጀት ቶሎ አገገመ። የአይጥ አንጀት ማለቴ ነው። (የሚገርምሽ፣ ኢሪኖቴካን ራሱ መነሻው ሺ ሹ ከሚባል የቻይና ዛፍ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። «የፈረንጅ መድኃኒት» እያለ የሚያጣጥልብኝ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ዝም አለ።)

3. በሁሉም ክፍል ስሙን አንድ ዓይነት አድርጎ ያስመዝግብ። ይህን ማንም አይነግራችሁም። እኔ ሆስፒታሉ የሄድኩት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የመመዝገቢያው ማሽን ያኔ የእነሱን መታወቂያ እንጂ ፓስፖርት አያነብም ነበር። መስኮት ሄድኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ቡ ሺንግ!» አለች፤ አይሆንም ማለት ነው። ፓስፖርቴን በመስታወቱ ሥር መልሳ ወረወረችው። ሌላ መስኮት፣ ሌላ ሰልፍ። አሥር ዓመት ሙሉ ኮንቴይነር ስጭን ማንም እንዲህ አዋርዶኝ አያውቅም። በመጨረሻ አንዷ መዘገበችኝ። በሌላ ቀን ወደ ባህላዊው ክፍል ስሄድ ደግሞ ሌላዋ የአባቴን ስም አስቀድማ ጻፈችው። እኔ እንዴት ልወቅ! አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሰው ሆኜ ቀረሁ። የኬሞ ሐኪሙ የሚያየው አንዱን፣ የዕፅ ሐኪሟ የምታየው ሌላውን።

እሷ ግን ጥሩ ሰው ነበረች፣ እውነቱን ልናገር። ሦስት ጣቷን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ምላስህን አውጣ አለችኝ። አይታ ደነገጠች። ለካ ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ ነው የሄድኩት! ምላሴ ጠቁሮ ነበር። ሳቀችና በነጋታው ባዶ አፌን እንድመጣ ቀጠረችኝ። የኬሞውን ስም ጠይቃ፣ እሱን አይታ ነው ያዘዘችልኝ። እዚያው አፍልተው በላስቲክ ያሽጉልሻል፤ ለሰባት ቀን 14 ከረጢት፣ በቀን ሁለት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ትጠጪዋለሽ። ጠቀመህ ወይ ካልሽኝ፣ ምግብ ያስበላኝ ይመስለኛል። ከዚያ በላይ አልምልም።

4 ላይ «ሐኪሙን ሳትጠይቁ ምንም አትውሰዱ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ይልቅ የሆነውን ልንገርሽ።

የእኔ ኬሞ ኦክሳሊፕላቲን በደም ሥር፣ ከዚያ ካፔሲታቢን ክኒን ለ14 ቀን፣ ከዚያ የሳምንት እረፍት ነው። ስምንት ዙር። ኦክሳሊፕላቲን ቀዝቃዛ ነገር አያስነካሽም። የፍሪጅ እጀታ ስነካ ጣቶቼን ሳማ እንደለበለባቸው ይሆኑ ነበር። (ቻይናዎች ሙቅ ውሃ ሲጠጡ ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ፤ ያኔ ግን ፔርሙሴን ታቅፌ ነው የምሄደው።) ሦስተኛው ዙር ላይ ፀጉሬ ሳሳ፣ ጉልበቴም ከዳኝ። የሰፈሬ ሰው በብልቃጥ ቡናማ ዱቄት ይዞ መጣ። «ሆ ሾው ዉ ነው፣ ፀጉር ያጠቁራል፣ ደም ይተካል፣ የአንጀት ባክቴሪያም ያጸዳል» አለኝ። ስንቱን ይሠራል! በገንዘብ ሸጠልኝ ደግሞ፣ በወንድም ዋጋ ብሎ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ።

አራተኛው ዙር ሲደርስ የጉበት ምርመራዬ መጣ። ከ40 በታች መሆን የነበረበት ቁጥር 280 ሆኗል። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም አልወስድም» አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም፤ እንደ ተማሪ ፈራሁት። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጫማዬን ጫማዬን ታያለች። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ከፈተ። በዚያኛው ስሜ የተጻፈውን አያይማ! ከረጢቱም ዱቄቱም ለሱ የሉም። ስለዚህ ሄፓታይተስ መረመረ። ቀጥሎ ካንሰሩ ጉበት ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን ብሎ ስካን አዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ አምስት ሌሊት። የልጆቼን ስም እየጠራሁ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ናቸው። 6,400 ዩዋን በቅድሚያ ካልከፈልክ አንነካህም አሉ፤ ያቺው መስኮት።

ስካኑ ንጹህ ነበር። በቀጠሮው ቀን ባለቤቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ቦርሳዋን ከፍታ ብልቃጡንና አንድ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐኪሙ አልጮኸም። በስልኩ ፎቶ አነሳቸውና «ስንት ማንኪያ?» ብቻ አለኝ። ሆ ሾው ዉ ጉበት በመጉዳት የታወቀ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሁሉንም አስቆመኝ፣ ኬሞውንም ጭምር። ቁጥሩ እስኪወርድ ሦስት ሳምንት ሄደ። ጥፋቱ የዱቄቱ ይሁን የኬሞው እስካሁን የነገረኝ የለም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ስላቆምን መለየት አልተቻለም። መጀመሪያውኑ ተናግሬ ቢሆን ዱቄቱን ብቻ አቁሞ ያየው ነበር።

ስምንቱንም ዙር ጨርሻለሁ። ሦስት ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ የማየት ምርመራ) አልፌያለሁ፣ ሦስቱም ንጹህ። ከረጢቱንም ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው፣ መዝገቤ አንድ ከሆነ በኋላ መልሼ ጠጥቻለሁ። ሰውየው ዛሬም ያንን ዱቄት ይሸጣል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አየህ፣ አዳነህ አይደል?» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፦ ወንድምሽ የሚጀምረው ኬሞ የትኛው ነው? ኢሪኖቴካን አለበት ወይስ እንደኔ ነው? እሱንና የታዘዘለትን የዕፅ ወረቀት ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ፊደሉን ማንበብ ለምጃለሁ፤ ለኬሞ ሐኪሙ የሚያሳየውን ዝርዝር ጽፌ እመልስልሻለሁ። ስም የሌለው ዱቄት ከሆነ ግን ለእኔ መላክ አያስፈልግም፤ ብልቃጡን እንዳለ ይዞ ይሂድ።