ከሰሉ ባዶውን አይቀበር

ጥያቄ፦ ቤቴ አጋሮ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ፣ ትንሽ ቡናም አለኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ዩሪያውን ዝናቡ ይዞት ይሄዳል። የከሰል ድቃቂ ማዳበሪያ ይይዛል ብለውኝ ብቀብር ጎመኑ ጭራሽ ቢጫ ሆነ። ነገሩ ውሸት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ውሸት አይደለም! ባዶውን ስለተቀበረ ነው። ከሰል ለተክል ምግብ ሳይሆን ጎተራ ነው፤ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ናይትሮጅኑን ከጎመኑ ይሻማል።

የናንተ ቀይ አፈር ለዘመናት በዝናብ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፣ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙም ትንሽ ነው። ከሰል በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት፤ አፈር ውስጥ እያረጀ ሲሄድ ደግሞ አሞኒየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። ዩሪያው አፈር ውስጥ ቆይቶ የሚለወጥበትን ናይትሬትን ግን እምብዛም አይዝም፣ ስለዚህ ዩሪያውን ከፋፍለው ይስጡ።

ለዚህ ብሎ ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ አያስፈልግም። የደረቀ የቡና ገለባ፣ ቆረቆንዳ፣ ቡናው ሲጎነደል የሚወድቀው ጭራሮ ይበቃል። አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ጭራሮውን ያቀጣጥሉ፣ ፍሙ ላይ ነጭ አመድ ብቅ ሲል ሌላ ይጨምሩበት፤ ነበልባሉ ከላይ አየሩን ስለሚጨርሰው ታች ያለው አመድ ሳይሆን ከሰል ሆኖ ይቀራል። ገለባውን እፍኝ እፍኝ እያሉ ይበትኑ፣ በአንዴ ከደፉት ታፍኖ ይጨሳል። ጉድጓዱ ሲሞላ ውሃ ያፍስሱና ፍም እንዳይቀር በደንብ ያገላብጡ።

እርጥብ እንደሆነ ይውቀጡት፣ ደረቁ አቧራ ለሳንባ መጥፎ ነው። አንድ እጅ ከሰል ከሦስት እጅ ኮምፖስት ወይም ፍግ ጋር ቀላቅለው፣ የከብት ሽንት ካለም እያርከፈከፉ፣ ጥላ ስር ሸፍነው አንድ ወር ያቆዩት። ለመደብ በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ገደማ ከሰል ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ይደባለቅ። ለቡናው ሥሩን እንዳይቆርጡ ከግንዱ ራቅ ይበሉ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምታርሱ አንባቢዎች ግን አፈራችሁን ሳታስመረምሩ አትጀምሩ፤ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ከሆነ ከሰሉ ውስጥ ያለው አመድ ያብሰዋል።

የቀበሩትን ደግሞ አያውጡት። ፍግ ይጨምሩበት፣ ቀስ በቀስ ይሞላል። ከሰል በቶሎ አይበሰብስም፤ አማዞን ውስጥ የጥንት ሰዎች ከሰል፣ አጥንትና ጥራጊ እየጨመሩ ያዳበሩት ጥቁር አፈር ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ለም ነው። ስለዚህ ከሰሉን በየዓመቱ መጨመር የለብዎትም፣ ፍጉን ግን አያቋርጡ።