ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄ ጉድፍ ወጥቶበታል፤ ሕፃኗንም አብሬ ላስይዛት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዳማ ነው። የ4 ዓመት ወንድ ልጄን እሁድ ማታ ሲያተኩሰው ምች መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልብሱን ሳወልቅ ሆዱና ጀርባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ አገኘሁ። ጎረቤቶቼ "ጉድፍ ነው፣ ይውጣለት፣ ውሃ እንዳታስነኪው" አሉኝ። አማቴ የቁሌት ሽታ ያብስበታል ብለው ሽንኩርት ማቁላላት ከልክለውኛል። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ "የ8 ወሯን ሕፃን አብራው አስተኚያት፣ አንዴ ይዟት ትገላገይ" ትላለች። የራሷንም ልጅ እንዲይዘው ብላ ልታመጣው ነው። ፋርማሲ ሄጄ አንቲባዮቲክና የሚቀባ ነገር ሰጥተውኛል፣ ገና አልጀመርኩለትም። ምን ላድርግ? ኬጂ መቼ ይመለስ? ረስቼው፣ ነፍሰ ጡር እህቴ ቅዳሜ ከሞጆ መጥታ ስታቅፈው ነው የዋለችው። 5 ወሯ ነው። ምንም አይላትም አይደል?

መልስ፦ "ረስቼው" ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ካደረጓት ነገር ልጀምር። ከጥያቄዎ ሁሉ እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። ልጅዎ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ድኖ ሲሯሯጥ ያዩታል ብዬ እገምታለሁ። ለእህትዎ ግን ይህን አንብበው ሲጨርሱ ይደውሉላት።

ጉድፍ የሚተላለፈው ሽፍታው ከታየ በኋላ ብቻ አይደለም። ከመታየቱ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ በትንፋሽ መተላለፍ ይጀምራል። ሽፍታው ሰኞ ጠዋት ከወጣ፣ ልጁ ቅዳሜ ዕለት አስተላላፊ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ እህትዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ በልጅነትሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ ያውቃል? ካላስታወሰች እናታችሁን ጠይቁ። እናቶች የትኛው ልጃቸው መቼ ምን እንደታመመ አይረሱም፤ ከማን እንደያዘውም ጭምር ይነግሯችኋል። ወጥቶባት ከነበረ ሰውነቷ መከላከያ አለው፤ ተረጋግታ ትተኛ።

ካልወጣባት ወይም የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ፣ ነገ ዛሬ ሳትል የእርግዝና ክትትል ወደምታደርግበት ቦታ ትሂድ። "ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ውያለሁ" ብላ ቀኑን ጠቅሳ ትንገራቸው። መከላከያ እንዳላትና እንደሌላት በደም ምርመራ ማየት ይቻላል። ሐኪሟ ነገሩን አይቶ አሲክሎቪር የሚባለውን የቫይረስ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፤ በራሷ ገዝታ ግን እንዳትጀምር። የጉድፍ ክትባት የተዳከመ ቢሆንም ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ለፅንሱ ነው። ፅንስ ላይ ጉዳት መድረሱ እውነት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ውስጥ ጉድፍ ከያዛቸው 100 እናቶች ፅንሳቸው የሚጎዳው የ1 ወይም የ2ቱ ቢሆን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእናትየው ሳንባ ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ጉድፍ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ከቅዳሜ ጀምሮ ባሉት 3 ሳምንታት አንዲት ውሃ የቋጠረች ነጥብ እንኳ ብታይ፣ ወይም ትኩሳትና ሳል ቢጀምራት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ከመሄዷ በፊት ትደውል። ሌሎች ነፍሰ ጡሮች በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ወረፋ እንድትጠብቅ አንፈልግም።

አሁን ወደ ልጅዎ። ሳላየው ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ግን እንደነገሩኝ ከሆነ ጉድፍ ይመስላል። እርስዎም ቤት ውስጥ ማየት ይችላሉ። ቀን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ያቅርቡትና ሆዱን ብቻ ይመልከቱ። አንዱ ገና ቀይ ነጥብ፣ አጠገቡ ያለው ውሃ የቋጠረ፣ ሌላው ፈርጦ ቅርፊት የሠራ ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ተደባልቀው ካዩ፣ የጉድፍ መልክ ይሄ ነው። በየቀኑ አዲስ ዙር እየጨመረ ለጥቂት ቀናት ይወጣል። ፀጉሩንም ገለጥ አድርገው ራሱን ይዩ፤ ጉድፍ ጭንቅላት ላይ መውጣት ይወዳል።

ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም። ኩፍኝን ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይቀድሙታል፤ ከዚያ ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን መለየት ለእርስዎ ቤት ትርጉም አለው፤ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ስለሆነ የ8 ወሯ ልጅዎ ገና አልተከተበችም። የኩፍኝ ክትባት ከጉድፍ አያድንም፤ ወላጆች "ክትባቱን ጨርሶ እንዴት ያዘው?" እያሉ ሲገረሙ በየጊዜው እሰማለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ፈንጣጣ ይሉታል፤ እሱን አይፍሩ፣ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለው ግን በ2017 ዓ.ም. በአገራችን ስለተገኘ፣ ሽፍታው ጠንከር ያለ፣ በአብዛኛው እኩል የበሰለ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የበዛ ከሆነና አንገቱ ወይም ብሽሽቱ ላይ እጢ ካበጠ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩት።

የጓደኛዎን ሐሳብ እረዳዋለሁ። "ልጅ እያለች ይዟት ትገላገል" የሚለው ከባዶ የመጣ አይደለም። ጉድፍ ከአዋቂ ይልቅ በልጅ ላይ ይቀላል። ግን አውቆ ማስያዝን አልደግፍም። "ይቀላል" ማለት "አይጎዳም" ማለት አይደለምና። አሜሪካኖች ክትባቱን በ1995 እ.ኤ.አ. ከመጀመራቸው በፊት በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ጉድፍ ይይዘው ነበር። ከዚያ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሆስፒታል ይተኛል፣ ከ100 እስከ 150 የሚሆነው ይሞታል። ከሚሞቱት ብዙዎቹ ቀድሞ ምንም ያልነበረባቸው ጤነኞች ነበሩ። የትኛው ልጅ ላይ እንደሚከብድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም፣ ጓደኛዎም አታውቅም።

ሌላው፣ ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ሽፍታው ሲጠፋ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰውነት ሲደክም፣ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል። አዎ፣ አያቶቻችንን እንቅልፍ የሚነሳው አልማዝ ባለጭራ የዚሁ የጉድፍ ቫይረስ ነው። አማትዎ ከልጅዎ አልማዝ ባለጭራ አይይዛቸውም። በተቃራኒው ግን ይሆናል፤ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ቁስሉን ሳይሸፍን ሕፃን ቢያቅፍ ሕፃኑን ጉድፍ ሊያስይዘው ይችላል።

የጓደኛዎ ልጅ በምን ይመጣል? በባጃጅ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጣብቆ። ታሞ ሲመለስስ ግቢው ውስጥ ማን አለ? ነፍሰ ጡር ተከራይ ትኖር ይሆናል። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ወይም ለአስም ወይም ለኩላሊት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ጎረቤት ይኖር ይሆናል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትም አለ፣ ለሰው የማይናገረው። እነዚህ ላይ ጉድፍ ቀልድ አይደለም። ጓደኛዎን በኔ ስም ይከልክሏት፤ "ዶክተሩ እምቢ አለ" ይበሏት፣ ቅያሜው ወደኔ ይሁን።

ሕፃኗን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት። በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ፣ መከላከያ የሌለው ሰው፣ ከ10 አጋጣሚ በ9ኙ ይያዛል። ወንድሟ ሽፍታ ከማውጣቱ በፊትም አብረው ነበሩ። እርስዎ በልጅነትዎ ወጥቶብዎት ከነበረ ከማህፀን የወረሰችው መከላከያ ነበራት፤ በ8 ወሯ ግን አብዛኛው ተሟጧል። ብትያዝም ብዙዎቹ ሕፃናት በሰላም ያልፋሉ። ቢሆንም አብራው አታስተኟት። የሚቻል ከሆነ ሌሊት ሌላ አልጋ ላይ፣ ቀን መስኮቱን ከፍተው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከዚህ በላይ አይቻልም፣ ራስዎን አያስጨንቁ። ጡት ማጥባቱንም አያቋርጡ።

ውሃውን ነገር ደግሞ እናንሳ። ያጥቡት! በአዳማ ሙቀት ልጅን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ለሳምንት ሳያጥቡ ማቆየት ማሳከኩን ያብሰዋል። ላብ ያሳክካል፣ ልጁ ያካል፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ትልቁ ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው እንጂ ከውሃው አይደለም። በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይፈትጉ፣ ያለቅልቁት። በንፁህ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ስስ የጥጥ ልብስ ያልብሱት። ጥፍሩን ዛሬ ይቁረጡ፤ እንቅልፍ ላይ የሚያክ ከሆነ ሌሊት እጁ ላይ ንፁህ ካልሲ ያጥልቁለት። ካላሚን የሚባለውን ሮዝ መሰል ቅባት ካገኙ ይቀቡት፣ ያቀዘቅዝለታል።

የቁሌት ሽታ ጉድፍን አያብስም። አማትዎን ሳያስቀይሙ ወጥዎን ይሥሩ። አፉ ውስጥ ከወጣበት ግን በርበሬ ስለሚያቃጥለው ለጥቂት ቀን እርጎ፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ አልጫ ይስጡት። ዋናው መጠጣቱ ነው።

ስለ መድኃኒቱ። አንቲባዮቲኩን አይጀምሩለት፤ ጉድፍ ቫይረስ ነው፣ አይሰማውም። የተሰጥዎትን ቅባት ስም ያንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል ወይም ሃይድሮኮርቲዞን ከሚባሉት አንዱ ከሆነ በፍጹም አይቀቡት፤ የቆዳውን መከላከል ያዳክማሉ። ለትኩሳቱ የፓራሲታሞል ሽሮፕ በቂ ነው። 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 10 ሚሊ ሊትር ነው። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው መለኪያ እንጂ በወጥ ማንኪያ አይስጡት። አስፕሪን ክልክል ነው፤ ጉድፍ ላይ ሲሰጥ ጉበትና አንጎልን የሚያጠቃ ከባድ ችግር ሊያመጣ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ይቅርበት፤ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ታይቷል። ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳው የአለርጂ ሽሮፕ በልኩ ሊታዘዝለት ይችላል።

"ጉድፍ ያለበት ልጅ መርፌ ከተወጋ በሽታው ወደ ውስጥ ይገባል" የሚሉም አሉ። በዚህ ምክንያት ሐኪም ጋር ሳይሄዱ የሚቆዩ ወላጆች ያሳዝኑኛል። ትኩሳቱ ከ4 ቀን ካለፈ፣ ወይም ለቆት ከተመለሰ፣ አይጠብቁ። አንዱ ቁስል ዙሪያ ቆዳው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ሲነካ ካመመው ወይም መግል ከያዘ፣ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ያገኘውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ላይ ከወጣ፣ አንገቱ ከገተረ ወይም ሲጠሩት ፈዞ ካየዎት በሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ሲራመድ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደም እንዲሁ።

ኬጂ የሚመለሰው የመጨረሻዋ ነጥብ ደርቃ ቅርፊት ስትሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን። ቅርፊቱ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመምህሯ ግን ዛሬውኑ ይንገሯት፤ ነፍሰ ጡር መምህር ወይም ሞግዚት ልትኖር ትችላለች።

የጉድፍ ክትባት አለ፤ በነፃ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ ግን የለበትም። ከ1 ዓመት ጀምሮ በ2 ዙር ነው የሚሰጠው። ጓደኛዎ ልጇን ለመከላከል ካሰበች፣ የግል የሕፃናት ክሊኒኮችን "ይገኛል ወይ?" ብላ ትጠይቅ።

የእርስዎን ሕፃን በተመለከተ፣ የወንድሟ ሽፍታ ከታየበት ሰኞ ጀምረው ይቁጠሩ። ብትያዝ ሽፍታው የሚወጣባት ከ10ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሽፍታው ሳይታይም ስለሚተላለፍ፣ በእነዚያ ቀናትና ከእነሱ 2 ቀን ቀደም ብሎ ክርስትና ወይም ሠርግ ቤት ይዘዋት አይሂዱ። የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቷ ቀን እዚያ መሃል ከዋለ፣ ይዘዋት ከመሄድዎ በፊት ለጤና ጣቢያው ደውለው ወይም ሰው ልከው ይንገሯቸው። ሕፃናት ተሰብስበው በሚጠብቁበት ክፍል እንዳትገባ ሌላ ሰዓት ወይም ሌላ ቀን ይሰጧችኋል። ለጥቂት ቀን ቢዘገይ ግድ የለም፤ እንዳይቀር ብቻ።