ውሻችሁ ሞቶ አዲስ ቡችላ ስታመጡ፦ ጥያቄና መልስ

ውሻ ሞቶባችሁ አዲስ ቡችላ ያመጣችሁም ለማምጣት የምታስቡም ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ውሻ ሳሳድግ፣ የሰውም ውሻ ሳሰለጥን ነው የኖርኩት። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ቡችላችሁ ከታመመ መሮጥ ያለባችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ከሞተ ገና ወር አልሞላውም። ቡችላ ላመጣ ነው ስል ሰው ሁሉ «ምነው ቶሎ ረሳኸው» ይለኛል። ስንት ጊዜ መጠበቅ አለብኝ?

መልስ፦ የተቆረጠ ጊዜ የለም። በሳምንቱ አምጥቶ ደህና የሆነ ሰው አለ፣ ዓመት ጠብቆም ያልሆነለት አለ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። የምትፈልገው ቡችላ ነው ወይስ የሞተውን ውሻህን? ቡችላ ስታስብ ፊትህ ላይ የሚመጣው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ፣ ሲከፋህ ገብቶት እግርህ ስር የሚተኛው ከሆነ እሱ የድሮው ነው፤ ትንሽ ቆይ። ሌሊት ተነስቶ ለሽንት ማስወጣቱ፣ የሚታኘከው ጫማ፣ የሚበላሸው ምንጣፍ ሁሉ ታይቶህ አሁንም «ይሁን» ካልክ ግን ዝግጁ ነህ። እያለቀሱም ማሳደግ ይቻላል። ሰው ለሚልህ ነገር መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም።

ጥያቄ፦ ቡችላዬ ፓርቮ በሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ሞተብኝ። ግቢውን በሙሉ በሳሙና አጥቤዋለሁ። አሁን ሌላ ባመጣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እባክሽ አትቸኩዪ። የፓርቮ ቫይረስ ከታመመው ውሻ ሰገራ ጋር ወጥቶ በተለይ ጥላና እርጥበት ባለበት አፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሳሙና አይገድለውም፣ አልኮልም አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል። መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙና ጠርገሽ እጠቢ፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበት የለውም። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺና ሳይደርቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅዪው፣ የሚወጣው ጋዝ ለራስሽም አደገኛ ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ በዚህ ይጸዳል። አፈርና ሣር ግን በበረኪና አይሆንም፤ እሱን የሚያጸዳው ፀሐይና ጊዜ ነው። የተኛበትን ጨርቅና ያኝከው የነበረውን አሻንጉሊት፣ ሆድሽ ቢባባም፣ አስወግጂው።

መጠበቅ ካቃተሽ ክትባቱን የጨረሰ አዋቂ ውሻ አምጪ። ቡችላ ካልሆነ ካልሽ ደግሞ ክትባቱ መጨረሱን አረጋግጪ። ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። የሚደጋገመው ቡችላው ከእናቱ ያገኘው የመከላከል አቅም ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው፤ ያ አቅም መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ «ተከትቧል» ሲሉሽ «ስንት ጊዜ? ካርዱስ?» በይ።

ጥያቄ፦ የኛ ውሻ የሞተው በእብድ ውሻ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ቤቱን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከቤቱ በፊት እናንተ! ቫይረሱ ከአካል ውጭ ብዙ አይቆይም። ውሻው የነከሰው፣ የቧጨረው ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ቀናት ቢያልፉም ይሂድ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ቀድሞ መከተብ ግን ያድናል። የቡችላው ነገር ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ጥያቄ፦ ቡችላዋን ካመጣኋት ጀምሮ ደስታ የለኝም። ትነክሳለች፣ በየቦታው ትሸናለች፣ ማታ ማታ ታብዳለች። የድሮው ውሻዬ እንዲህ አልነበረም። ሳያት ጭራሽ እሱ ይናፍቀኛል። ልመልሳት?

መልስ፦ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የበዛው ይሄ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የምታወዳድሪያት ከማን ጋር እንደሆነ ልብ በዪ። በልብሽ ያለው ውሻ ዓመታት አብሮሽ የኖረ፣ ድምፅሽን፣ ልማድሽን፣ የምትወጪበትን ሰዓት ጭምር ያጠና አዋቂ ውሻ ነው። እሷ የሁለት የሦስት ወር ልጅ ናት። እሱም አንድ ሰሞን እንደሷ ነበር፣ የረሳሽው ስለወደድሽው ነው። የቤት ሰው ጠይቂ፣ የዚያን ጊዜ ፎቶ ካለ አውጪና እዪ። ቡችላን ከቡችላ ጋር ስታወዳድሪ ቁጣሽ ይበርዳል።

መንከሷ ክፋት አይደለም። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አላት፤ ከ3 ወይም 4 ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፉና ከ6 እስከ 7 ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካሉ። ድድ ያሳክካል። እጅሽን ስትይዝ አትምቺያት፣ እጅሽንም በኃይል አትንጠቂ፤ ስትነጥቂ ጨዋታ ይመስላታል። ዝም ብለሽ እጅሽን አፍዝዢውና የሚታኘክ ነገር አቀብያት። ካልተወች ተነስተሽ ሂጂ፣ ከደቂቃ በኋላ ተመለሺ። የማታው እብደት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛሉ፣ ቤቱ ሲንጫጫ ግን ሳይተኙ ይውላሉ። ቀን ላይ ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጂላት፣ ማታ ለውጡን ታዪዋለሽ።

ስለ ፍቅሩ ደግሞ አትጨነቂ። በመጀመሪያው ቀን መምጣት የለበትም። አብልቻት፣ አውጥቻት፣ አስተኝቻት ሲባል ቀስ እያለ የሚገባ ነገር ነው። የድሮው ውሻሽ ያልነበረውን፣ የሷ ብቻ የሆነውን ነገር ፈልጊ። ውሃ ስትጠጣ አንድ የፊት እግሯን ሳህኑ ውስጥ የምትነክር ቡችላ አውቃለሁ፤ ባለቤቷ ለሳምንታት ሊያያት አልፈለገም ነበር፣ አንጀቱን የበላችው በዚያች እግሯ ነው። ሳምንታት አልፈውም ሸክም ብቻ ከሆነችብሽ፣ ጥሩ ቤት ፈልጎ መስጠት ነውር አይደለም፤ ከተሰጠች ግን ገና ትንሽ ሳለች ቢሆን ይሻላታል።

ጥያቄ፦ መልኩ ቁርጥ የሱን የሚመስል ቡችላ አገኘሁ። ስሙንም ያንኑ ልስጠው?

መልስ፦ መልኩ ምንም አይደል፣ ስሙን ግን ተወው። በተጣራህ ቁጥር ሌላ ውሻ እንዲመጣልህ ትጠብቃለህ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ስናፒ የተባለ የመጀመሪያው የተቀዳ (ክሎን) ውሻ ተወልዷል። ዘረ መሉ አንድ ሆኖም ቢሆን የሚያድገው አዲስ ውሻ ነው፣ ካንተ ጋር የኖረው ኑሮ አብሮ አይቀዳም።

ጥያቄ፦ ሁለት ውሾች ነበሩን፣ አንዱ ሞተ። የቀረው ምግብ ቀነሰ፣ በር በሩን ያያል። ብቸኝነቱን እንዲረሳ ቡችላ አመጣንለት፣ እሱ ግን ያጉረመርምበታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውሻም ጓደኛው ሲጠፋ ይለወጣል፣ ያያችሁት እውነት ነው። ግን ለሱ ብላችሁ ብቻ ማምጣት የለባችሁም፤ ያጣው የሚያውቀውን ጓደኛውን ነው እንጂ «ሌላ ውሻ» አይደለም። ምግብ መቀነሱ ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም ይየው፣ ሁሉም ነገር ሐዘን ላይሆን ይችላል።

አሁን መጥቷልና እንዲህ አድርጉ። ምግባቸውን ለየብቻ፣ ባይተያዩ ይመረጣል። ቡችላው የማይደርስበት የትልቁ ብቻ የሆነ ቦታ ይኑር። መጀመሪያ ሰላም የምትሉት፣ መጀመሪያ የምታበሉት ትልቁን ይሁን። ሲያጉረመርም አትቆጡት! ማጉረምረም «በቃህ» ማለት ነው፣ ቡችላውም ከሱ ሥርዓት ይማራል። ማጉረምረሙን በቁጣ ያስተዋችሁት ውሻ ነገ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ሰውነቱ ድርቅ ብሎ ዓይኑን ተክሎ ካየው ወይም ቡችላው ሸሽቶ የሚገባበት ካጣ ግን በእርጋታ ለዩአቸው። እስኪላመዱ ብቻቸውን ጥላችኋቸው አትውጡ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ «ቡቢ መቼ ይመጣል» እያለች ታለቅሳለች። ቶሎ ቡችላ ላምጣላት?

መልስ፦ መጀመሪያ እውነቱን ንገሪያት። «ሞተ፣ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ አይመለስም» በዪያት። «ተኝቷል» ከተባለች መኝታ ትፈራለች፣ «ሄዷል» ከተባለች ትጠብቃለች። ታልቅስ፣ አንቺም አብረሻት ብታለቅሺ ምንም አይደል። ለቅሶዋን ለማስቆም ቡችላ አታምጪ፤ ስለቡቢ እየሳቀች ማውራት ስትጀምር ያን ጊዜ ጠይቂያት። ሲመጣም መሬት ላይ ትቀመጥ፣ ቡችላው ራሱ ይምጣላት። ሲበላና ሲተኛ አትንካው።

ጥያቄ፦ አባታችን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ውሻቸው ከሞተ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ቡችላ ገዝተን ድንገት ልናስደስታቸው አስበናል።

መልስ፦ ሐሳባችሁ ደግ ነው፣ ድንገት የሚለውን ግን ተዉት። ሐዘናቸው የራሳቸው ነው፣ ውሳኔውም የሳቸው ይሁን። ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ እሺ ካሉም ይዛችኋቸው ሄዳችሁ ራሳቸው ይምረጡ። ደግሞ ቡችላ እግር ስር ይገባል፣ ይጥላል፣ ሌሊት ያስነሳል። ለሳቸው ረጋ ያለ አዋቂ ውሻ ይሻላቸዋል ባይ ነኝ። እሳቸው ቢታመሙ ውሻውን ማን እንደሚይዘውም አሁኑኑ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቡችላችን ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል። የድሮውን ውሻ ክፍል ነው የሰጠነው።

መልስ፦ እናቱንና ወንድሞቹን ትቶ መጥቶ ብቻውን ባዶ ክፍል ማደር ይከብደዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጋችሁ አጠገብ በሳጥን አስተኙት፣ ሲያላዝን እጃችሁን ብቻ ዝቅ አድርጉለት። ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው በግምት በወሩ ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት ተደምሮ ነው፤ የ2 ወር ከሆነ 3 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ሌሊት አንዴ ሁለቴ አውጡት። መብራት ሳታበሩ፣ ሳትጫወቱ፣ ሸንቶ ይመለስ።

ጥያቄ፦ ያለፈው ስለታመመብኝ ይሄኛውን ክትባቱ እስኪያልቅ ከቤት ላላስወጣው ወስኛለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል፣ ግማሹ ልክ ነህ። ሌሎች ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታውርደው። ግን ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው በግምት ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ይሄ ካለፈ ሰውም መኪናም የሚያስፈራው ውሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አቅፈኸው ውጣ። ሕፃናት ሲጮሁ ይስማ፣ ጃንጥላ ሲዘረጋ ይይ፣ ክትባቱን የጨረሰ የምታውቀው ጤነኛ ውሻ ካለም እቤቱ ወስደህ አጫውተው።