የአጎቴን ሙዚቃ ቤት ልረከብ ወይስ ኮምቦልቻ ልቀጠር?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ከሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በአይቲ ተመርቀሽ፣ ሥራ እስክታገኚ ደሴ ፒያሳ ባለው በአጎትሽ ሙዚቃ ቤት ስትሠሪ ቆይተሻል። አሁን እሳቸው ደክሟቸዋል፤ «ቤቱን አንቺ ያዢው» ብለውሻል። በዚህ መሐል ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ በስቶር ሠራተኛነት ጠርቶሻል፣ መልስም የሚፈልገው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። «ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ሙዚቃ ቤቱን ደግሞ እወደዋለሁ» ብለሻል።

መልሴን ሳላዞር ልንገርሽ። የፋብሪካውን ሥራ ያዢ። ሱቁን አትረከቢ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ ግን ማንም እንዳይሸጠው።

ሙዚቃ ቤቱን ያዳከመው ሰው ዘፈን ጠልቶ አይደለም። እዚያው ደሴ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ዘፈን የማይሰማበት ባጃጅና ሻይ ቤት የት አለ? ድሮ ዘፈን የሚሸጠው ከካሴቱ ጋር ስለነበር ባለሱቁ የሚያተርፈው ከዕቃው ላይ ነበር። ካሴቱን ሲዲ ሲተካውም ትርፉ አልጠፋም፣ ሲዲም ዕቃ ነው። ፍላሽና ሚሞሪ ሲመጣ ግን ዕቃውን ደንበኛው ራሱ በኪሱ ይዞት መጣ፤ ለእናንተ የቀረው «መጫን» ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ያንንም ዩቲዩብና ቴሌግራም ወሰዱት። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አውታር የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ መጥቶ ዘፈን በስልክ ተከፍሎበት የሚገዛ ሆነ። ከዚህ በኋላ አጎትሽ ቢታትሩም ባይታትሩም ልዩነት አልነበረውም፣ ይህንን ለእሳቸውም ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

የደሴ ዕጣ ብቻም አይደለም። ለንደን፣ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 የተከፈተው ኤችኤምቪ የሚባለው ሙዚቃ ቤት በ2013 መጀመሪያ ከስሮ ነበር፤ ሌላ ገዝቶት ቀጠለና በ2018 መጨረሻ ደግሞ ወደቀ። በደጉ ዘመን ወደ 9,000 የሚጠጋ ሱቅ የነበረው የአሜሪካው ፊልም አከራይ ብሎክባስተር እ.ኤ.አ. በ2010 ኪሳራ አወጀ። የሸክላ ሙዚቃ ተመልሷል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 የተሸጠው ሸክላ በቁጥር ከሲዲ በልጧል፣ ኤችኤምቪም በ2023 ወደ ድሮ ጎዳናው ተመልሷል። ያ ግን ማጫወቻው በቤቱ ያለው፣ ለማስቀመጥም ብሎ የሚገዛ ሰው ገበያ ነው። በዚያ ተስፋ የፒያሳን ኪራይ አትሸከሚ።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ እንደዋዛ ያለፍሻትን አንዲት ነገር ላንሳ። «ሰዎች የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ይዘው ይመጣሉ፣ አንሠራም ብለን እንመልሳቸዋለን» ብለሻል። ሥራሽ እሱ ነው! የሚመጡት የእናታቸውን ድምፅ፣ የሞተ ወንድማቸውን መልክ ይዘው ነው። ማጫወቻው ከቤታቸው ጠፍቷል፣ የአጎትሽ ግን መደርደሪያ ላይ አለ።

ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ በፍጥነት የሚሄድ ነገር የለውም። ስለዚህ ዋጋሽን በካሴት ሳይሆን በሰዓት አስቢው። የድምፅ ካሴት ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። ካሴቱን ወደ ብርሃን አንስተሽ በመስኮቱ ተመልከቺው፤ የደሴ ጉምና የክረምት እርጥበት ያገኘው ቴፕ ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል፣ እንዲህ ያለውን ሳታጸጂ ካጫወትሽው ሻጋታው ሄዱ ላይ ይቀርና ቀጥሎ የሚገባውንም ያበላሻል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ እያዞርሽ ስሚ፣ ጥርት የሚልበት ቦታ አለው። አጎትሽ ይህንን በጆሯቸው ያውቁታል። ከእሳቸው የምትረከቢው ይህንን ነው፤ ቁጭ ብለሽ ተማሪ፣ እየጻፍሽም ያዢ።

አንድ ነገር አደራ። የሰው የግል ካሴት መገልበጥና የታተመ አልበም መገልበጥ ለየቅል ናቸው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ መብት ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የወጡት የአጎትሽ ካሴቶች ዛሬም ባለቤት አላቸው ማለት ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ጭነሽ ቻናል ልክፈት እንዳትዪ። ይልቅ መዝግቢያቸው፦ ዘፋኝ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ የካሴቱ ሁኔታ። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፣ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያንም የወጡት ከዚሁ አገር ነው። ንጹሕ ቅጂ የጠፋበት ባለመብት ወይም ቤተሰብ አንድ ቀን ሊፈልግሽ ይችላል። ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ላላቸው ኤፍኤም ጣቢያዎችም እንዲህ ያለ መዝገብ በእጅሽ ይዘሽ ብታመለክቺ ከዲግሪሽ በላይ ይናገርልሻል።

ለምን ታዲያ ፋብሪካው? የካሴት ግልበጣው ገቢ በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ግልበጣውን በእረፍት ቀንሽ፣ ከቤት ሆነሽ ጀምሪው። የስቶር ሥራም አትናቂው፤ ዕቃ መመዝገብ፣ መቁጠር፣ ጠፋ ሲባል መልስ መስጠት ለመዝገብ ሥራ ጥሩ ማሠልጠኛ ነው። ደንበኛ በርክቶ የእረፍት ቀን አልበቃ ሲልሽ ስለ ትንሽ ክፍል እንነጋገራለን።

አጎትሽ ሱቁን ሲዘጉ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክበው ብቻ እንዳይሄዱ። ገቢዎች ቀርበው የግብር ዕዳ እንደሌለባቸው የሚያሳየውን ክሊራንስ ይውሰዱ፣ የንግድ ፈቃዱንም ለንግድ ቢሮ ይመልሱ። ካልመለሱ ሱቁ ተዘግቶም ግብሩ ይቆጠርባቸዋል። የግብር መክፈያው ጊዜ ከመድረሱ በፊት ቢጨርሱት ይሻላል፤ አብረሻቸው ሂጂ።

ለፋብሪካው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሥራው በሺፍት ነው ወይ፣ ከደሴ ሰርቪስ አለው ወይ? ሰርቪስ ከሌለ የኮምቦልቻ መመላለሻ ደሞዝሽን ይበላዋል፤ ያኔ ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪልኝና ቁጭ ብለን እናስላው።